ከይፋግ የማይወርድ መንገደኛ

በእንግሊዝ ገጠር አንድ መንገደኛ ሲመሽበት ወደ መንደሩ መጠጥ ቤት ጎራ ይላል። «ፐብ» ይሉታል። ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ወፍራም የእንጨት ወጋግራ፣ የሚነድ ምድጃና ከበርሜል የሚቀዳ ቢራ አለው፤ ፎቁ ላይ ደግሞ ጥቂት አልጋዎች። ቤቱ የድሮ ነው፤ ስሙም ወንበሩም የድሮ ነው። ከማድቤቱ የሚመጣው ሽታ ግን ዛሬ በብዙ ቦታ ሌላ ሆኗል፦ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ከሙን፣ በንጥር ቅቤ የተቁላላ ሽንኩርት። እንግዳው ሩዝና ምስር፣ በቅመም የተሠራ ዶሮ፣ ናን የሚባለውን ትኩስ ቂጣ ይበላል። ቢራውን ጠጥቶ ፎቅ ይወጣል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ሒሳቡን ከፍሎ መንገዱን ይቀጥላል።

የእንግሊዝ ገጠር፣ የሕንድ ወጥ፣ አንድ አልጋ። ይህ ለይፋግ ምኗ ነው?

ብዙ ነገሯ ነው። ምክንያቱም ይፋግም በዘመኗ መንገደኛ ወርዶ የሚያድርባት፣ የሚገበያይባትና የሚበላባት ከተማ ነበረች። ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው ሚኒባስ በአጠገቧ ያልፋል። ተሳፋሪው በመስኮት አይቷት ያልፋል። ቁርሱን ባሕር ዳር በልቷል፣ ምሳውን ጎንደር ይበላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ያሉ ትናንሽ ከተሞች ለዚህ መንገደኛ ምን አላቸው? የሚለው ጥያቄ ተራ የሆድ ጥያቄ ይመስላል። ግን የሥራ ጥያቄ ነው፣ የሰላም ጥያቄ ነው፣ የመከባበርም ጥያቄ ነው።

ቅመሙ ወደ እንግሊዝ መንደር እንዴት ገባ?

ብዙ ሰው እንግሊዞች ሕንድን ስለገዙ ምግቧን ወደዱት ብሎ ይደመድማል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1810 ዲን ማሆመድ የሚባል፣ ፓትና ተወልዶ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር ውስጥ ያገለገለ ሰው ለንደን ላይ የሕንድ ምግብ ቤት ከፈተ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰረ። ሕንድን የሚገዛው አገር የሕንድን ምግብ ከፍሎ ለመብላት ገና አልተዘጋጀም ነበር።

ምግቡን በየከተማው ያዳረሱት ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው የመጡ ተራ ሠራተኞች ናቸው። ብዙዎቹ ዛሬ ባንግላዴሽ ከምትባለው አገር፣ ሲልሄት ከሚባለው አውራጃ የወጡ ነበሩ። በእንግሊዝ መርከቦች ላይ እሳት ሲያነዱና ሲያበስሉ የኖሩ ሰዎች ወደብ ላይ ወርደው ቀሩ፣ ዘመዶቻቸውን አስመጡ፣ ትናንሽ ምግብ ቤቶች ከፈቱ። እንግሊዛዊው «የሕንድ ምግብ» እያለ የሚበላው አብዛኛው ነገር የባንግላዴሾች እጅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የዚያን ጊዜው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮቢን ኩክ በአንድ ንግግራቸው ቺክን ቲካ ማሳላ የተባለውን የዶሮ ወጥ የብሪታኒያ እውነተኛ ብሔራዊ ምግብ እስከማለት ደርሰዋል።

መጠጥ ቤቱ ግን ከምግብ ቤቱ ይልቅ ጠንካራ በር ነበረው። በበርሚንግሃም አቅራቢያ ስሜዝዊክ የምትባል የብረታ ብረት ፋብሪካ ከተማ አለች። ከፑንጃብ የመጡ ሕንዶች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያ በብረት ማቅለጫ ሥራ ተቀጠሩ። ከሥራ በኋላ ቢራ ለመጠጣት ሲሄዱ በአንዳንድ መጠጥ ቤቶች አይስተናገዱም ነበር፤ በሌሎቹ ደግሞ የተሻለው ክፍል ለነጭ ብቻ ነበር። የሕንድ ሠራተኞች ማኅበር ይህን እየተቃወመ ታገለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1965 ማልኮም ኤክስ ጥሪ ቀርቦለት ስሜዝዊክን ጎበኘ፤ ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ኒው ዮርክ ውስጥ ተገደለ። በዚያው ዓመት የብሪታኒያ ፓርላማ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች በዘር ምክንያት ሰውን መከልከል ሕገ ወጥ የሚያደርግ ሕግ አወጣ።

የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ መጠጥ ቤቶቹም ደንበኛ አጡ። ባለቤቶቻቸው ሲሰለቹ፣ ትናንት በር ላይ ተከልክለው የነበሩት ፑንጃቦችና ልጆቻቸው እየተከራዩና እየገዙ ያዟቸው። ስሙን አልቀየሩም፤ ቢራውንም አላስወጡም። ከጓሮ ከሰል አቀጣጥለው በቅመም የታሸ ሥጋ መጥበስ ጀመሩ። እነዚህ ቤቶች ዛሬ «ዴሲ ፐብ» ይባላሉ። «ዴሲ» ማለት «ያገር ቤት» እንደማለት ነው። የድሮው ነጭ ደንበኛም ወንበሩን ሳይለቅ እዚያው ቁጭ ብሎ ይበላል። የተከለከለው ሰው አስተናጋጅ ሆነ፤ የከለከለው ቤትም በእሱ እጅ ከመዘጋት ተረፈ።

ነገሩ ከፋብሪካ ከተሞች አልፎ ወደ ገጠሩም ዘልቋል። የእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች በየዓመቱ በመቶዎች እየተቆጠሩ ይዘጋሉ። የሱፐርማርኬት ቢራ ርካሽ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ቤት ውስጥ ማጨስ ተከልክሏል፣ ግብሩና ኪራዩ ከብዷል። በቢራ ብቻ መኖር ያልቻለ የመንደር ቤት ሁለት ነገር ማድረግ ነበረበት፦ ምግብ ማብሰልና አልጋ ማከራየት። የሕንድ ምግብ በዚያ በር ገባ። የገጠሩ ፐብ ለወግና ለሥርዓት ሲል የአያቱን ምግብ ብቻ ልሽጥ ቢል ኖሮ፣ ዛሬ ብዙው በሩ ላይ የሽያጭ ማስታወቂያ ተለጥፎበት ይታይ ነበር።

እንግዲህ ትምህርቱ «ይፋግ ላይ የሕንድ ወጥ ይሠራ» የሚል አይደለም። ትምህርቱ ይህ ነው፦ መንገደኛን የሚያሳድር ቤት የሚኖረው «በደጄ የሚያልፈው ማነው? ምን ይበላል?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። መጠየቅ ያቆመ ዕለት ይሞታል።

ይፋግ ይህን ታውቅ ነበር

ይፋግ ዛሬ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መስመር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን በቤጌምድር ስማቸው ከሚጠራ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከጎንደር የሚወርደውና ወደ ጎንደር የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ ያልፍባታል፤ ቀረጥ የሚከፈልበት ኬላ ነበረባት። አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ማር፣ ጥጥና ሸማ፣ በቅሎና ፈረስ በዚህ መስመር ይንቀሳቀሱ ነበር። በዘመኑ አገሩን የዞሩ አውሮፓውያን ተጓዦችም ገበያዋን ሳይጠቅሱ አላለፉም።

የሲራራው ንግድ ትልቅ ድርሻ በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን እርድ አይበላም፤ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን። ዛሬም በየከተማው ምግብ ቤቶች ደጃፍ «የሙስሊም» ወይም «የክርስቲያን» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ሆኖም በሥጋ የማይገናኙ ሰዎች በጨውና በሸማ ይገናኙ ነበር፤ ገበያውም አንድ ነበር። ማንም እምነቱን ሳይለቅ፣ ማንም ጾሙን ሳያድር ከተማ መቆም እንደሚችል የደጋው ሰው ከእንግሊዞች ሕግ መቶ ዓመት አስቀድሞ በኑሮው ያውቀው ነበር።

ስለዚህ «እንዲህ ያለ ነገር ለኛ አገር አይሆንም» የሚለው ክርክር ታሪክን አያውቅም። ለልዩ ልዩ እንግዳ ልዩ ልዩ ገበታ ማቅረብ ለይፋግ አዲስ ነገር አይደለም። የተረሳ ነገር ነው።

«ባህላችን ይጠፋል»?

ስለ ምግብ በተነሳ ቁጥር የሚመጣ ስጋት አለ፦ የባዕድ ምግብ ሲገባ ያገሩ ይጠፋል። ይህን የሚሉ ሰዎች አንድ ቀን ከደቡብ ጎንደር ገበታ ላይ የባዕድ የሆነውን ሁሉ አንስተው ይዩት።

መጀመሪያ በርበሬ ይነሳል። በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው፤ ኮሎምበስ ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት ከውቅያኖሱ ወዲህ አልነበረም። ቀይ ወጥ ያለ በርበሬ ምን ይሆናል? ቀጥሎ ድንች ይነሳል። የፋርጣና የጋይንት ደጋ የሚኮራበትን ድንች ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ እንደሆነ ይታወቃል፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858 ነው። ከዚያ ፓስታና ማካሮኒ ይነሳሉ። ፋሽስት ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ተባረረ፤ ፓስታው ግን በእንጀራ ተጠቅልሎ ቀረ። በረቡዕና ዓርብ «ፓስታ በአትክልት» የሌለው የገጠር ከተማ ሆቴል ማግኘት ይከብዳል።

መጨረሻ ላይ ሩዝ ይነሳል። ይህኛው ለይፋግ ቅርብ ነው። የፎገራ ሜዳ ክረምት ክረምት ውኃ ስለሚተኛበት ለብዙ እህል አይመችም ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በተሳተፉበት ሙከራ ሩዝ ተዘራበት። ዛሬ ፎገራና ሊቦ ከምከም በኢትዮጵያ የሩዝ ምርት ስማቸው የሚጠራ ወረዳዎች ናቸው፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ፎገራ ላይ ተቋቁሟል። የአካባቢው ሴቶች ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩበት። ማንም ባህላችን ጠፋ ብሎ አልጮኸም። እንጀራው እንጀራ ነው።

ባህል የሚጠፋው አዲስ እህል ሲገባበት አይደለም። የሚጠፋው የሚያበስለውና የሚበላው ሰው ጥሎት ሲሄድ ነው።

ደግሞስ የሕንድ ገበታ ለደጋው ሰው ምን ያህል ባዕድ ነው? ምስር፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ድንች፣ ጎመን፤ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በእርድ። የሕንዱ ሰው በእምነቱ ሥጋ የማይበላበት ብዙ ምክንያት አለው፤ የኦርቶዶክሱ ምእመን ደግሞ ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን ይጾማል። ሁለቱም ያለ ሥጋ የሚጣፍጥ ወጥ መሥራትን ከአያት ከቅድመ አያት ተምረዋል። በዓፄ ኃይለ ሥላሴና በደርግ ዘመን በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ሕንዶችን የሚያስታውስ ትውልድ አሁንም አለ። እነዚያ መምህራን ራቅ ባሉ ከተሞች ዓመታት የኖሩት ከገበያው ምስርና ሽምብራ እየሸመቱ ነው። ይፋግ አካባቢ ሩዙ አለ፣ ሽምብራው አለ፣ ሽንኩርቱ አለ። የጎደለው እህል አይደለም።

የጎደለው ምንድነው?

አንደኛ፣ እንግዳ ማለት ማን እንደሆነ ተረስቷል። ስለ ቱሪዝም ሲወራ የሚታሰበው ፈረንጅ ነው። ዕቅዱ ለእሱ ይወጣል፣ ሎጁ ለእሱ ይሠራል፣ ማስታወቂያውም በእሱ ቋንቋ ይጻፋል። እሱ ሲቀር ሁሉም ይቆማል። የእንግሊዝን የገጠር ፐብ ያኖረው ግን የውጭ ጎብኚ ብቻ አይደለም። የራሱ አገር ሰው ነው፦ የጎረቤት መንደር ገበሬ፣ ቅዳሜና እሑድ በእግሩ የሚዞር ቤተሰብ፣ ሥራ ላይ ያለ ሹፌር። በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል የሚመላለሰው ሰውም እንደዚሁ ነው፦ ሕመምተኛ አባቱን ይዞ ሆስፒታል የሚሄድ ልጅ፣ ለጥምቀት ጎንደር የሚወጣ ምእመን፣ ለቡሄ ደብረ ታቦር የሚገባ እንግዳ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የጭነት መኪና ሹፌርና ረዳቱ። ይህን ሁሉ ሕዝብ እንግዳ ብሎ የቆጠረ ዕቅድ የታለ?

ሁለተኛ፣ ምግብ ሸጦ ማደር እንደ ሙያ አልተከበረም። በደጋው አገር «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለ ሰው እግሩን ታጥቦ፣ ያለውን በልቶ ያድር ነበር። ይህ ትልቅ ወግ ነው። ነገር ግን የወጉ ጥላ ሌላ ነበር፦ እህል ሸጦ ገንዘብ መቀበል እንደ ነውር ይታይ ነበር። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ መኳንንቱ ከፍለው መብላትን ስላፈሩ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው በልተው ከፍለው እንዳሳዩ ሲነገር ኖሯል። እቴጌይቱ የገባቸው ነገር ነበር። የእግዜር እንግዳ ወግ አንድን ሰው አንድ ሌሊት ያሳድራል፤ በየቀኑ መቶ መንገደኛ የሚያልፍበትን መስመር ግን ደግነት ብቻ አይችለውም። ዋጋ የተጻፈበት፣ ግብር የሚከፍል፣ ሠራተኛ የሚቀጥር ቤት ያስፈልጋል።

ይህን ሥራ በትናንሽ ከተሞች የተሸከሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ባልዋ የሞተባት፣ የተፋታች፣ ከገጠር ልጅ ይዛ የወጣች ሴት ሁለት ክፍል ትከራይና «ምግብና አልጋ» የሚል ሰሌዳ ትሰቅላለች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ እንጀራ ትጋግራለች። ከተማው ምግቧን ይበላል፣ ስሟን ደግሞ ያማል። ብድር ስትጠይቅ መያዣ የላትም፤ ኪራይ ሲጨመር የሚከራከርላት የለም፤ ቤቷ ለመንገድ ማስፋፊያ ሲፈርስ ካሳው ለባለቤቱ እንጂ ለተከራይ አይታሰብም። ስለ ሆቴል ዘርፍ በሚጻፉ ሰነዶች ውስጥ እሷ የለችም። ይፋግን ከተማ የምታደርጋት ግን እሷ ናት።

ስሜዝዊክ ላይ መጠጥ ቤቶቹን ያተረፉት የተናቁት ሰዎች እንደነበሩ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። የመንገዱን ዳር ከተሞች የሚያተርፉትም እስከ ዛሬ እንደ ነጋዴ ያልተቆጠሩት ሴቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ያለ ሰላም አልጋ አይከራይም

ሦስተኛውና ትልቁ ጉድለት ሰላም ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገድ ማለት ሌላ ትርጉም ይዟል። መንገደኛ የሚወጣው መሄድ ስለፈለገ ሳይሆን መሄድ ግድ ስለሆነበት ነው። ሲወጣም ቶሎ መድረስ እንጂ መውረድ አያስብም። በተዘጋ መንገድ ላይ ያለች የሆቴል ባለቤት የጋገረችው እንጀራ ይሻግታል፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ጤፍ መግዣ የላትም። የጦርነት ወጪ ሲቆጠር ጥይቱና ሕንጻው ይቆጠራል። ያልወረደው መንገደኛ፣ ያልተበላው ምሳ፣ ያልተከራየው አልጋ በማንም መዝገብ አይገባም።

ከዚህ የባሰውም አለ። መንገድ ሲፈራ እንግዳም ይፈራል። «ከየት መጣህ? ለምን መጣህ? የማን ወገን ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከኬላው አልፎ ወደ ገበታው ይገባል። የቆየው ወግ ለመንገደኛ የሚያስቀድመው ሰላምታውንና የእግር ውኃውን ነበር፤ «ቤት ለእምቦሳ» ላለ «እምቦሳ እሰሩ» ይባላል እንጂ መታወቂያ አይጠየቅም። የስሜዝዊክን መጠጥ ቤቶች ያሳፈራቸው ማን ይቀመጥ ማን አይቀመጥ ብለው ሰውን በመልኩ መለየታቸው ነበር። ሰውን በዘሩ ወይም በመጣበት አቅጣጫ የሚለይ ገበታም ዕጣው ከዚያ የተለየ አይሆንም። ባዶ ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሰላሙን የሚያመጡት መሣሪያ የያዙት ናቸው፤ ለእሱ የሚጠየቁትም እነሱ ናቸው። ሰላም እስኪመጣ ሁሉ ነገር ይጠብቅ ማለት ግን አይደለም። የከተማ አስተዳደር በአንድ ስብሰባ ሊወስናቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። አውቶቡስና ሚኒባስ በወግ የሚቆምበት፣ ንጹሕ መጸዳጃና ውኃ ያለበት ቦታ መሥራት አንዱ ነው። መንገደኛ መጀመሪያ የሚፈልገው ምግብ ሳይሆን እሱን ነው፤ ለእሱ ከወረደ ይበላል። ሌላው የምግብ ዋጋ ሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። ሹፌሩን በነጻ እያበሉ በተሳፋሪው ላይ ዋጋ የሚጨምሩ ቤቶች ባሉበት መስመር፣ የተጻፈ ዋጋ ራሱ ማስታወቂያ ነው። ሦስተኛው ለሁለቱም እምነት የሚሆን ማድቤት ጎን ለጎን እንዲኖር ቦታ መስጠት ነው። አራተኛው ምግብና አልጋ የሚያከራዩትን ሴቶች በማኅበር አደራጅቶ ያለ ቤት መያዣ የሚሰጥ ብድር እንዲያገኙ መከራከር ነው።

ምግቡን ለእነሱ መተው ይሻላል። ሩዙ በእጃቸው አለ፤ እስካሁን የገባው እንጀራ ውስጥ ነው። አንዷ በጾም ቀን ሩዝ በምስር ትሞክር፣ ሌላዋ ሩዝ በሽምብራ፣ ሌላዋ ከጣና የሚመጣውን ዓሣ በእርድና በዝንጅብል። የሚወደደው ይቀራል፣ የማይወደደው ይወድቃል፤ ፓስታም የቀረው እንዲሁ ነው። አንድ ቀን ሹፌሮች «የይፋግ ሩዝ» ብለው ስም ካወጡለት፣ መኪናው ሳይጠየቅ ይቆማል።

ዲን ማሆመድ ለንደን ላይ ከከሰረ ሁለት መቶ ዓመት አልፏል። የሸጠው ምግብ ግን ዛሬ እሱ ስሙን ሰምቶት በማያውቀው የእንግሊዝ መንደር፣ ከአልጋ ክፍሎች ሥር ይበስላል። ገበታ ቀስ ብሎ ይለወጣል፤ የሚለወጠውም አንድ ሰው እሳት ለኩሶ ድስት ሲጥድ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ የምትጋግረው ሴት እሳቱን ለኩሳለች። ቀሪው መንገዱን መክፈት፣ እሷን ነጋዴ ብሎ መቁጠር፣ እንግዳውንም ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ ማስቀመጥ ነው።